በጋሽ ወልዱ እጅ የወጣ ኢንቮይስ

ጋሽ ወልዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደውላ «ሰማሽ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ መቼም ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። ነገረችኝ። «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ ከአፌ ያመለጠው ግን «ሰው ነግሯቸው ነበር?» የሚል ጥያቄ ነበር። «ምኑን?» አለችኝ። «ምንም፣ ምንም» ብዬ ዘጋሁት። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮህ እየሰማሁ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ የአብዛኞቹን ፊት እንኳ አሁን አላስታውስም። የጋሽ ወልዱን ግን ከነአሳሳላቸው አስታውሳለሁ። ጉርድ ሾላ ባለው የቆዳ ቦርሳ ማምረቻችን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው። ታች ፎቅ ሴቶቹ ቦርሳ ይሰፋሉ፣ ላይ ፎቅ እኛ ወረቀት እንሰፋለን፤ እንዲህ እያልኩ ስቀልድ ጋሽ ወልዱ «የኛው ቢተረተር ይብሳል» ይሉኝ ነበር፣ ሳይስቁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሐምሌም ይሁን ሚያዝያ ከኮታቸው ሥር ያቺኑ ግራጫ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። የሚመጡት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ቅርብ ካለው አያት ሰፈር እየመጣሁ በየቀኑ ሳረፍድ እሳቸው ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደርሰው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

የድርጅቱ ማህተም በሳቸው እጅ ነበር። ማህተም የሌለው ወረቀት በእኛ አገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማንም ያውቃል፤ ጋሽ ወልዱ ግን ነገሩን ከማናችንም በላይ ከልባቸው ይዘውት ነበር። ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥተው መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው «ሃ» ብለው ይተነፍሱበታል። አሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አንዴ ይሞክሩታል። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፤ አምስት መስመርም ይሁን አምስት ገጽ ያው ነው። ካነበቡ በኋላ በስተቀኝ ከላይ የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ፣ ቁጥሩን መዝገባቸው ላይ ያሰፍራሉ፣ መጨረሻ ላይ ማህተሙን አሳርፈው ቀለሙ እስኪደርቅ በዝምታ ያዩታል። አንድ ሰው መጥቶ ስለዚያ ወረቀት ቢጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «አዎ፣ በኔ እጅ የወጣ ነው።»

አንድ ጊዜ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ዳግም ለኤግዚቢሽን ወደ ውጭ ሲሄድ ከቦሌ ኤርፖርት ደወለ። «ጋሽ ወልዱ፣ አምስት ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም ያድርጉልኝና በሾፌሩ ይላኩልኝ፤ እዚያ ደርሼ እሞላዋለሁ» አላቸው። ጋሽ ወልዱ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት። «ባዶ ወረቀት ላይ?» አሉ። «አዎ፣ አውሮፕላኑ ሊሄድብኝ ነው!» «እሺ፣ መጣሁ» ብለው ዘጉ። ማህተሙን በመሐረብ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ ቀለሙን እኔን አስያዙኝና በሁለት ታክሲ ቦሌ ደረስን። መኪና ማቆሚያው ውስጥ አቶ ዳግምን የመኪናው ኮፈን ላይ አምስቱንም ደብዳቤ በእጁ እንዲጽፍ አደረጉት። አንድ በአንድ አነበቡና አተሙለት። አንዱ ላይ የተሳሳተ ቃል አግኝተው አስደገሙት። አቶ ዳግም በንዴት ቀልቶ እየሮጠ ገባ፤ እሳቸው ደግሞ ማህተሙን በመሐረቡ እየወለወሉ «ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ እኮ» አሉ። ሰውየውን በእውነት አዝነውለት ነበር።

እኔን ያስተማሩኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለጉምሩክ በሚሄድ ሰነድ ላይ የካርቶኖቹን ክብደት አሳሳትኩና ዕቃው ታገደ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ስወጣ ጋሽ ወልዱ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። «ጨረስሽ? በይ ነይ፣ አብረን እንንገራቸው» አሉኝ። አቶ ዳግም ፊት ከጎኔ ቆሙና «ቢፍቱ ጻፈችው፣ እኔ አየሁት ብዬ አተምኩበት፤ በኔ እጅ የወጣ ነው» አሉ። ደረጃውን ስንወርድ ደግሞ «ሰው ያላወቀውን ስህተት አያርምም፣ ልጄ። ያወቅሽ ዕለት ተናገሪ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ትልቁ ደንበኛችን ቤልጅየም ያለ አንድ የቦርሳ ነጋዴ ድርጅት ነው። እዚያ አገር ድርጅቶች እርስ በርስ የሚላላኩት ኢንቮይስ በወረቀት ወይም በፒዲኤፍ መሆኑ ቀርቶ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚሄድ ፋይል እንዲሆን ሕግ ወጣ። ፋይሉን ሰው አያነበውም፤ የሻጩ ማሽን ይልካል፣ የገዢው ማሽን ተቀብሎ ራሱ ይመዘግበዋል። ሕጉ የሚያስገድደው እዚያው ያሉትን ነው፤ ደንበኛችን ግን ሁለት ዓይነት አሠራር ይዞ መቀጠል ስላልፈለገ ለአቅራቢዎቹ ሁሉ «እናንተም በዚሁ መስመር ላኩ» ብሎ ጻፈ። አቶ ዳግም ሶፍትዌሩን ገዛና እኔንና ጋሽ ወልዱን ኦሎምፒያ አንድ ፎቅ ላይ ለሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ላከን።

ጋሽ ወልዱ ከረባት አሥረው፣ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ይዘው መጡ። ሌሎቹ ሠልጣኞች የኔ እኩዮች ናቸው፤ ገሚሶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። እሳቸው አሠልጣኙ ያለውን ሁሉ ይጽፋሉ። ሁለተኛው ቀን ላይ እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ማህተሙ የትኛው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው?» ከኋላ በኩል ሳቅ ተነሣ። አሠልጣኙም ፈገግ ብሎ «አባባ፣ ማህተም የለም። ፊርማም የለም። እንደውም ወረቀቱ ራሱ የለም» አላቸው። ጋሽ ወልዱ «ወረቀቱ ራሱ የለም» ብለው ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ጻፉት። የሳቀውን ልጅ በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ደብተራቸውን ገልጠው ያቺኑ መስመር ደጋግመው አነበቡ። «ታዲያ ማህተም ከሌለው ማን ነው የሚጠየቅበት?» አሉኝ በመጨረሻ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ዓመት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት አንጀቴን በሉት። «ግድ የለም ጋሼ፣ እኛ እንደ ድሮው አትመን እንልካለን፤ ችግር የለውም» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ከሕይወቴ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሰሽ ዋጪ ብባል እሱን ነው የምውጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት ትክክለኛውን ፋይል በአዲሱ መስመር ብቻዬን እልካለሁ። ቀጥሎ ያንኑ ኢንቮይስ በወረቀት አትሜ ለጋሽ ወልዱ እሰጣለሁ። እሳቸው ያነባሉ፣ ከላይ የወጪ ቁጥራቸውንና ቀናቸውን ይጽፋሉ፣ «ሃ» ብለው ያትማሉ። እኔ ስካን አድርጌ በኢሜል እልከዋለሁ። ዝም ብዬ መሳቢያ ውስጥ እንዳልከተው እንኳ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። «ሄደ?» «ሄዷል ጋሼ።» «እስቲ አሳዪኝ።» አሳያቸዋለሁ። የራሳቸውን ማህተም ስክሪኑ ላይ ሲያዩ «አይ ጊዜ! አሁን ይቺ ቤልጅየም ደረሰች ማለት ነው?» ይላሉ። «ደርሳለች» እላለሁ። ለራሴ ይህን ደግነት ብዬው ነበር። ጡረታቸው እስኪደርስ በዚህ እንጨርሳለን፣ ማን ይጎዳል፣ አልኩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰውን ስንት ጉድ ውስጥ እንደሚከት የገባኝ በኋላ ነው።

ጡረታቸው አራት ወር ሲቀረው ከቤልጅየም ደብዳቤ መጣ። አቶ ዳግም ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋና እየተረጎመ አነበበልን። ደንበኛችን ለአንድ ጭነት ሁለት ሁለት ኢንቮይስ ሲደርሰው ከርሟል። የሁለቱ ቁጥር አይገናኝም። ቀናቸውም አይገናኝም፤ አንደኛው የዛሬ ስምንት ዓመት ግድም የተጻፈ ነው፤ ውል እንኳ ሳንዋዋል በፊት ማለት ነው። የከፈለው ትርፍ ባይኖርም ኦዲተሮቹ ነገሩን ማጭበርበር ሊሆን ይችላል ብለው ይዘውታል። ኃላፊው ማን እንደሆነ በስም ይገለጽልን፣ ያ ሰው ከእንግዲህ በኢንቮይስ ሥራ እንደማይገባ ይረጋገጥልን፣ ካልሆነ ግዢውን እናቆማለን ይላል።

እኔ ክው አልኩ። ወዲያው ገባኝ። በኢሜል የሚደርሳቸውን ስካን ማሽናቸው ራሱ እያነበበ ይመዘግበዋል ማለት ነው። ከላይ በስተቀኝ ያለውን የጋሽ ወልዱን የወጪ ቁጥር የኢንቮይስ ቁጥር አድርጎ ወስዶታል። ጋሽ ወልዱ በእጃቸው የጻፉትን የኛን አቆጣጠር ቀን ደግሞ እንዳለ በፈረንጅ ቀን መዝግቦታል። ጥፋቱ የሳቸው ማህተም አልነበረም። አንዱን ኢንቮይስ በሁለት በር የላክሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ወልዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ወረቀቶቹ ማህተም አላቸው?» አቶ ዳግም ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ገልጦ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ቁጥሩም የእጅ ጽሑፉም የሳቸው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። «በኔ እጅ የወጣ ነው» አሉ።

ያኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስመለከት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ያን ያህል አያቅተኝም ነበር፤ ያቃተኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ጋሼ፣ ሰባት ወር ሙሉ ያተሙት ወረቀት ለማንም አያስፈልግም ነበር፤ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ያታለልኩዎት» ማለት ነው። ይህን እንዴት አድርጌ በፊታቸው ልበል?

በማግሥቱ ብቻዬን አቶ ዳግም ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ትናንት ምን ዘጋሽ፣ ቢፍቱ? የመልሱ ደብዳቤ እኮ ማታውኑ ሄደ! በሳቸው ስም!» «ሌላ ይጻፍ፣ በኔ ስም» አልኩት። «ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ ስም? ጭራሽ ውሸታሞች ናችሁ ሊሉን? ታች ያሉት ሴቶች ምን ሊሠሩ ነው?» አለ። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደመወዛቸው እስከ ጡረታቸው አይቋረጥም፣ ቤታቸው ይቀመጡ። እውነቱን ግን አንቺው ንገሪያቸው፤ እኔ አልችልም» አለኝ። እሱም አልቻለ፣ እኔም አልቻልኩ። እሳቸው የሁለታችንንም ስህተት አንድም ቀን ሳይሸማቀቁ ፊት ለፊት ነግረውናል።

ርክክቡን ጋሽ ወልዱ ራሳቸው በሦስት ኮፒ አዘጋጁ። ማህተም አንድ፣ የወጪ መዝገብ ሦስት፣ ቁልፍ ሁለት። ተረካቢ እኔ። ፈርመን ከጨረስን በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ።

«አንቺ ኮምፒውተሩን ታውቂዋለሽ። እስቲ በእውነት ንገሪኝ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«እኔም አልገባኝም፣ ጋሼ» አልኩ።

አቶ ዳግም የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፎላቸው ነበር። እሱ መቼም የጸጸቱን ያህል አሳምሮ ነው ያጻፈው፤ ታማኝ፣ ጠንቃቃ፣ ምንም ጉድለት ያልተገኘባቸው ይላል። ጋሽ ወልዱ እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ጉድለት ያልተገኘባቸው ይላል። ተገኝቷል እኮ» ብለው መለሱልኝ። «ስህተቴን ያወቅሁ ዕለት መጥቼ እወስደዋለሁ።» ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ታች ያሉት ሴቶች ስፌታቸውን አቁመው ተነሥተው ተሰናበቷቸው፤ እኔ ከላይ በመስኮት አየሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ደብዳቤውን ይዤ የካ አባዶ ሄድኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ታክሲ ውስጥ የምለውን ስለማመድ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሳታብድ አልቀረችም ብላ ሳትፈራኝ አልቀረችም። አራተኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። ባለቤታቸው እትዬ ለምለም በሩን ከፈቱልኝ። ጋሽ ወልዱ ከስተዋል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ለራሳቸው ያስቀሯቸውን ኮፒዎች በሙሉ በቀን በቀን ደርድረዋል። «ና፣ እይልኝ» አሉኝ፤ ከደስታቸው የተነሣ አንቺና አንተ ተምታታባቸው። «አራት ጊዜ አየሁት። ተደገመ ይላሉ፤ ይኸው፣ አንድም የተደገመ ቁጥር የለም። ቀኑም ልክ ነው። ግን እነሱ ያለ ነገር አይጽፉም፤ አንድ ያላየሁት ነገር አለ።»

«ጋሼ…» አልኩ።

«ይኼ ሁሉ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ ደርሷል እኮ፣ ቢፍቱ» አሉ፣ የወረቀቶቹን ጠርዝ በመዳፋቸው እያስተካከሉ። «ሕጉ ማህተም አይፈልግም ብሎን እንኳ የኛን ተቀብለው ነበር። ይቺን አንዲት ነገር ባላበላሽባቸው ኖሮ…»

ታክሲ ውስጥ የተለማመድኩትን ትቼ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። ምሳ በላሁላቸው። ደብዳቤውን ሳወጣ በእጃቸው መለሱልኝ። ደረጃው ድረስ ሸኙኝና «ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ካገኘሽ ደውይልኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ሳይ ሳልደውል ቀናት አለፉ፤ ቀናቱም ወራት ሆኑ። የደም ግፊት ነበረባቸው። አንድ ቀን ጠዋት ልብሳቸውን እየለበሱ ሳለ ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ።

ለቅሶ የደረስኩት በሠልስቱ ማግሥት ነው። ድንኳኑ ከብሎኩ ፊት ለፊት ተተክሏል፣ የዕድሩ ወንበሮች ግማሹ ባዶ ነው። እትዬ ለምለም አይተውኝ ተነሡና እጄን ይዘው ወደ ላይ፣ ወደ ቤት አወጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ለለቅሶ እንግዳ ሳህን ተደርድሯል። ወረቀቶቹን በፌስታል አድርገው አልጋው ሥር አስቀምጠዋቸዋል።

«ልጄ፣ አንቺ አብረሽው የሠራሽ ነሽ። ከዚያ ቤት ከወጣ ጀምሮ ከዚህ ወረቀት ጋር ነው የዋለው። በልቶ አልጠገበም፣ ተኝቶ አላረፈም። ስህተቱ ምን ነበር?»

ነገርኳቸው። ስለ ሁለቱ በር፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ቀኑ፣ ሁሉንም። ኢንቮይስ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቁም፤ ግን አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ሰሙኝ። ስጨርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከታች አዲስ የመጣ ለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል።

«እና እሱ አልተሳሳተም?»

«አልተሳሳቱም፣ እትዬ።»

«ቤት ድረስ የመጣሽ ዕለት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ያ ነው የባሰኝ።

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው» አልኩ።

እትዬ ለምለም ቀና ብለው አዩኝ።

«አዝኖ እኮ ነው የሞተው፣ ልጄ» አሉኝ፤ ለቀስተኛውን ሊቀበሉም ወደ ታች ወረዱ።